የኮራል ሪፎችን መልሶ ማልማትና መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮራል ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

እንስሳ ነው። ከሩቅ አለት ወይም ቁጥቋጦ የሚመስለው ነገር ፖሊፕ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ እልፍ አእላፍ ፍጥረታት ተያይዘው የሚኖሩበት ነው። የቅርብ ዘመዶቻቸው ጄሊፊሾች ናቸው። ፖሊፑ ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ ጠንካራ አፅም ይሠራል፤ አሮጌው ሲሞት አዲሱ በላዩ ይገነባል። በሺህ ዓመታት ውስጥ የተቆለለው ይህ የኖራ ድንጋይ ነው ሪፍ የሚባለው።

በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ያስጠልላቸዋል። የምናየው ቀለምም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ስለ ኮራል መጥፋትና መዳን የሚነገረው አብዛኛው ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ አብሮ መኖር ላይ ነው።

ሪፍ ቢጠፋ ሰው ምን ይጎዳል?

ሪፎች ከባሕር ወለል አንድ በመቶውን እንኳ አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው አንዱ ምዕራፍ ላይ ይጠጉባቸዋል። ዓሣው ከሄደ የአጥማጁ ጓዳ ይራቆታል። ጤናማ ሪፍ የማዕበልን ጉልበት በአማካይ 97 በመቶ እንደሚቀንስ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ሪፍ ለባሕር ዳር ከተማ የተፈጥሮ ግድብ ነው።

ይህን በደንብ የተረዳው የሜክሲኮው ኪንታና ሮ ግዛት ነው። በ2019 ለሪፉ ኢንሹራንስ ገባለት። በ2020 ዴልታ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታው 800 ሺህ ዶላር ገደማ ተከፈለ፤ ቀድመው የሠለጠኑ የአካባቢው ጠላቂዎችም ወዲያው ገብተው የተሰበሩትን ኮራሎች እያነሱ በሲሚንቶ መልሰው አጣበቁ።

ኮራል ነጣ ማለት ሞተ ማለት ነው?

አይደለም፤ ግን ወደ ሞት አፋፍ ቀርቧል። ውሃው በአካባቢው ከተለመደው እጅግ ሞቃት ወር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ በአልጌዎቹና በፖሊፑ መካከል ያለው ስምምነት ይፈርሳል። አልጌዎቹ መርዛማ ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ፖሊፑም ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ ሥጋው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከሥሩ ያለው ነጭ አፅም ይታያል። ኮራሉ በሕይወት አለ፤ ግን ምግብ አጥቶ ይራባል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ይመለሳሉ፤ ካልቀዘቀዘ ይሞታል፤ አፅሙንም አረንጓዴ ቡናማ ዝቃጭ ይወርሰዋል። የተረፈውም ቢሆን ለአንድና ለሁለት ዓመት እንቁላል ሊያጥረው ይችላል።

መላውን ዓለም ያዳረሰ መንጣት በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 ደርሷል። አራተኛው በ2023 ጀምሮ በሚያዝያ 2024 በይፋ ታወጀ፤ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ከዓለም የሪፍ ስፋት 84 በመቶው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት አግኝቶታል። የሚያስፈራው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ዕረፍት እያጠረ መሄዱ ነው። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 ነጥቷል። ለማገገም አሥር ዓመት የሚፈልግ ፍጥረት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሰጠው ይመታል።

ጥፋቱ ሁሉ ከሙቀት ነው?

ዋናው ሙቀት ነው፤ ብቸኛው አይደለም። የፍሳሽ ቆሻሻና ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ ኮራሉን የሚሻማ አረም አልጌ ያፋፋሉ፤ ከግንባታ የሚወርድ ደለል ያፍነዋል፤ በፈንጂ የሚደረግ ዓሣ ማጥመድ ለዘመናት የተሠራውን በአንድ ቅጽበት ወደ ስብርባሪ ይለውጠዋል። በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ደግሞ የእሾህ አክሊል የሚባለው የባሕር ኮከብ በመንጋ መጥቶ ኮራል ይግጣል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ጠላቂዎች አንድ በአንድ በመርፌ እየወጉ ይቀንሱታል።

ሪፉን ከአረም የሚያጸዱ ፍጥረታት ሲጠፉም መዘዙ ከባድ ነው። በ1983 እና በ1984 በካሪቢያን ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በወረርሽኝ አለቀ፤ ብዙ ሪፎች በአልጌ ተውጠው ዳግም አላገገሙም። በ2022 ተመሳሳይ እልቂት በካሪቢያን ተደገመ፤ ይህን ሁለተኛውን ያመጣው በሽታ በ2023 ደግሞ ዘመዱ የሆነውን የቀይ ባሕር ጃርት በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ፈጀው።

ኮራል እንዴት ነው የሚተከለው?

የዛሬው አሠራር መነሻ ቀይ ባሕር ዳር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ባሩክ ሪንኬቪች የተባሉ እስራኤላዊ ተመራማሪ ከደን ልማት ሐሳብ ወስደው «የኮራል አትክልተኝነት» የሚባለውን ዘዴ አቀረቡ፤ ዘዴውም በኤላት ተሞከረ። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁራጭ ኮራሎች ከወለሉ ከፍ ብሎ በተንጠለጠለ የባሕር ውስጥ ችግኝ ጣቢያ ያድጋሉ፤ እዚያ ደለል አይጫናቸውም፣ ወለል ላይ የሚሳቡ በላተኞችም አይደርሱባቸውም። ሲጠነክሩ ወደ ተጎዳው ሪፍ ይዛወራሉ።

እንደ ቅርንጫፍ የሚያድጉት ኮራሎች በዚህ መንገድ ቶሎ ይደርሳሉ። በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ የሚያድጉት ድብልብሎቹ ግን ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆነው ቆዩ። መፍትሔውን ፍሎሪዳ ውስጥ ዴቪድ ቮን የተባሉ ተመራማሪ በአጋጣሚ አገኙት፦ ኮራሉ አንድ ሴንቲሜትር በሚያህሉ ጥቃቅን ቁራጮች ሲከፈል ቁስሉን ለመሙላት ከወትሮው እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ከአንድ እናት የተገኙ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲለጠፉም እንደ ባዕድ አይተያዩም፤ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን የኢንዶኔዥያው ሱላዌሲ ነው። እዚያ ሪፉን የሰባበረው የፈንጂ አጥማጅነት ነበር። ስብርባሪው በሞገድ ስለሚንከባለል አዲስ ኮራል መያዣ አጥቶ ለአሥርት ዓመታት ባዶ ቀረ። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የተሠራና አሸዋ የተለበጠ ፌሮ እርስ በርሱ እያሰሩ ወለሉን አረጉት፤ ቁራጭ ኮራልም አሰሩበት። በ2024 የወጣ ጥናት ከአራት ዓመት በኋላ እነዚህ ቦታዎች አፅም የሚገነቡበት ፍጥነት ካልተነካ ሪፍ ጋር እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ሥራው የያዘው ሦስት ነገር ስለተገጣጠመለት ነው፦ ፈንጂው ቆሟል፣ ውሃው ንጹህ ነው፣ በአቅራቢያው ጤነኛ ሪፍ አለ። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ የተተከሉት በብዛት ቅርንጫፋሞቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሙቀት ሲመጣ ቀድመው የሚጎዱት ናቸው።

ከመቁረጥ ይልቅ ከእንቁላል ማራባት አይቻልም?

ይቻላል፤ በዘር ብዝኃነት ረገድም ይሻላል። ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ እናቱን የሚገድል ሙቀት እሱንም ይገድላል። ብዙ ኮራሎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ጨረቃን ተከትለው በሚመጡ ጥቂት ሌሊቶች እንቁላልና የወንዴ ዘር በአንድነት ወደ ውሃው ይለቃሉ። የአውስትራሊያው ፒተር ሃሪሰን በ1980ዎቹ ይህን የጅምላ መራባት ለሳይንስ ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው። ዛሬ የሚሠሩት በውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ዘር ሰብስበው፣ እጮቹን በተንሳፋፊ ገንዳ አሳድገው፣ ለመለጠፍ ሲደርሱ በተራቆተው ሪፍ ላይ መልቀቅ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፊሊፒንስ በፈንጂ በተጎዳ ሪፍ ላይ በ2013 የተለቀቁት እጮች በሦስት ዓመት ውስጥ አድገው ራሳቸው መራባት ችለዋል።

ችግሩ ተፈጥሮ ራሷ ሰዓቷን መሳቷ ነው። በ2019 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኤላት አንዳንድ ዝርያዎች ዘራቸውን የሚለቁበት ሌሊት እየተዘበራረቀ መምጣቱን ደርሰውበታል። አንዱ ዛሬ ሌላው ከሳምንት በኋላ ከለቀቀ እንቁላሉና ዘሩ አይገናኙም። ሪፉ ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ኮራል ግን የለበትም።

የተተከለው ምን ያህሉ ይጸድቃል?

በእኛ አገር የችግኝ ተከላ ዘመቻ የሚነሳው ጥያቄ እዚህም ይነሳል፦ ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንት ጸደቀ? በ2020 የታተመ ሰፊ ግምገማ ከተተከሉት ኮራሎች በአማካይ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት እንደቆዩ አግኝቷል። ቁጥሩ ያማረ ነው። ሆኖም ከፕሮጀክቶቹ 60 በመቶ ያህሉ ክትትል ያደረጉት ከ18 ወር ላነሰ ጊዜ ነው። አንድ ክፉ በጋ ለማየት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው።

ፍሎሪዳ ይህን በመራራ መንገድ አይታዋለች። ለዓመታት በባሕር ውስጥ ችግኝ ጣቢያዎች የተባዙት ኤልክሆርንና ስታግሆርን የተባሉ ኮራሎች በ2023 በጋ በታሪክ ያልታየ ሙቀት ገጠማቸው። በማናቲ ቤይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ያለ መለኪያ ከ38 ዲግሪ በላይ አነበበ። ሠራተኞች የቻሉትን ያህል እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አሸሹ። በ2025 የወጣ ጥናት በፍሎሪዳ ኪስና በድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች ከእነዚህ ሁለት ዝርያዎች ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑት መሞታቸውንና በዚያ ሪፍ ላይ ሪፍ የመገንባት ሚናቸው ማክተሙን ዘገበ። በእነዚያ ሰዎች ትጋት ላይ የሚነሳ ወቀሳ የለም፤ ሙቀቱ ከአቅማቸው በላይ ነበር።

አሮጌ መኪናና ጎማ ባሕር ውስጥ ቢጣል ሪፍ ይሆናል አይደል?

ጎማ በፍጹም። በ1972 ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ላውደርዴል አቅራቢያ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ጎማ «ኦስቦርን ሪፍ» ተብሎ ወደ ባሕር ተጣለ። ማሰሪያው ተበጣጠሰ፤ ጎማዎቹ በሞገድ እየተንከባለሉ በአቅራቢያው ያለውን እውነተኛ ሪፍ ፈጩት። በኋላ የጦር ሠራዊት ጠላቂዎች ጭምር ተሠማርተው ሲያወጡት ዓመታት ፈጅቷል። ኮራል የሚይዘው የማይንቀሳቀስ፣ ከዘይትና ከቀለም የጸዳ ጠጣር ነገር ላይ ነው። ያም ቢሆን ሰው ሠራሽ ሪፍ ዓሣ ስለሰበሰበ ብቻ የጠፋውን ሪፍ ተክቷል ማለት አይቻልም።

ሙቀት የሚቋቋም ኮራል በቤተ ሙከራ መፍጠር አይቻልም?

መንገዱ ተጀምሯል። ሐሳቡን በ2015 በይፋ ያነሱት በሃዋይ ይሠሩ የነበሩት ሟቿ ሩት ጌትስና የአውስትራሊያዋ ማደሊን ቫን ኦፐን ናቸው። አንዱ ዘዴ ሙቀት የቻሉ ወላጆችን መርጦ ማዳቀል ነው። ሌላው አልጌዎቹን ማሠልጠን ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ አልጌዎች ለአራት ዓመታት በሞቀ ውሃ ከተባዙ በኋላ ወደ ኮራል እጮች ሲመለሱ እጮቹ ሙቀትን የተሻለ ቋቁመዋል። በሳዑዲው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (ካውስት) ደግሞ የራኬል ፔይሾቶ ቡድን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ለኮራል እንደ መድኃኒት ይሰጣል።

ተስፋውን ግን አናጋንን። በፓላው በተደረገ የማዳቀል ሙከራ ልጆቹ ከወላጆቻቸው የወረሱት የመቋቋም አቅም እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ነበር፤ ባሕሩ እየሞቀ ካለበት ፍጥነት አንጻር አይበቃም። ጠንካራነትም ገደብ አለው። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች በዓለም ካሉት ሁሉ የበለጠ ሙቀት የለመዱ፣ በጋ ላይ 35 ዲግሪ የሚችሉ ናቸው። ሆኖም በ2017 አቡዳቢ አካባቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮራል አለቀ።

የቀይ ባሕር ኮራል አይሞትም የሚባለው እውነት ነው?

አይሞትም ማለት ስሕተት ነው፤ የሰሜኑ ለየት ያለ ነው ማለት ግን ትክክል ነው። ተመራማሪው ማዖዝ ፋይንና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ይላል። ባለፈው የበረዶ ዘመን የባሕሩ ከፍታ ሲወርድ ቀይ ባሕር ለኮራል የማይመች ጨዋማ ሆነ። በኋላ ውሃው ሲመለስ የኮራል እጮች ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በባብ ኤል መንደብ በኩል ገቡ። ያ የደቡቡ ክፍል እጅግ ሞቃት ነው፤ ያለፉት ያን መቋቋም የቻሉ ብቻ ነበሩ። ዘራቸው ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀዝቃዛው የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ። ስለዚህ የኤላት፣ የአቃባና የሲና ኮራሎች የሚኖሩት አካላቸው ሊሸከመው ከሚችለው ሙቀት በብዙ ዲግሪ ባነሰ ውሃ ውስጥ ነው። የመካከለኛውና የደቡቡ ቀይ ባሕር ኮራል ይህ ትርፍ የለውም፤ በሳዑዲ ዳርቻ በ2010 እና በ2015 በብዛት ነጥቷል።

ለሰሜኑ እንግዲህ ከተከላ በፊት የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። ኤላት ውስጥ የዓሣ እርባታ ቀፎዎች ውሃውን ይበክላሉ የሚል ረጅም ክርክር ከተካሄደ በኋላ በ2008 ተነሡ። ዘይት ሌላው ስጋት ነው። ከየመን ዳርቻ ተገትራ ስትበሰብስ ከነበረችው ሴፈር ከተባለች መርከብ የተባበሩት መንግሥታት በነሐሴ 2023 ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት ወደ ሌላ መርከብ ማዛወሩን ጨረሰ። ቢፈስ ኖሮ የየመንና የኤርትራ ዳርቻዎች፣ የዳህላክ ደሴቶች ጭምር፣ መከራ ባዩ ነበር። ያ ሥራ አንድም ኮራል አልተከለም፤ በእኔ ግምት ግን በዚያ ዓመት ለቀይ ባሕር ሪፎች ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ በጥቃት የተጎዳችው ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ይዛ ሰጠመች። ሪፉ ብዙ አገሮችን ያዋስናል፤ አንዱ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

ገንዘቡ ምን ያህል ነው?

በ2019 የወጣ ትንተና የአንድ ሄክታር መካከለኛ ወጪ 400 ሺህ ዶላር ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ እንደ ቦታውና ዘዴው ከጥቂት ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ይደርሳል። ጀልባ፣ ጠላቂና ክትትል ያስወድዱታል። ካውስት በሳዑዲዋ ሹሻ ደሴት 100 ሄክታር የሚሸፍን ሥራ ይዟል፤ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ታላቁ ባሪየር ሪፍ ብቻውን ግን 2,300 ኪሎሜትር ይረዝማል።

ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ኤላት የምኖር ሰው ምን ላድርግ?

ስትዋኙ ኮራል ላይ አትቁሙ፤ በእግር መቅዘፊያም አትምቱት። ዓሣ አትመግቡ። ሪፍ ላይ መልሕቅ ከሚጥል ጀልባ ጋር አትውጡ። ለማስታወሻ ብላችሁ የወደቀም ቢሆን ኮራል አታንሱ፤ ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ያስጠይቃል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትን በተመለከተ ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 አንዳንድ ኬሚካሎችን አግደዋል። ጉዳቱ ከሙቀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ መልበስ ቆዳችሁንም ኮራሉንም ይጠብቃል። ለተከላ ፕሮጀክት ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊትም ከሦስት ዓመት በፊት የተከላችሁት የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ሙቀቱ ካልቆመ መትከሉ ምን ዋጋ አለው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ተመራማሪዎች ጉባኤ በ2018 እንዳለው፣ የምድር ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ቢጨምር ከሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶው፣ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ይጠፋል። ይህን በተከላ መመለስ አይቻልም። የልቀት ቅነሳን ትቶ ተከላን እንደ መልስ የሚያቀርብ መንግሥት ወይም ድርጅት ሰዎችን ያታልላል።

እኔ ግን ይተው አልልም። ተከላ በትክክለኛው ቦታ ሲሠራ፣ ማለትም የገደለው ነገር በቆመበት፣ ለአጥማጆች ዓሣ ይመልሳል፤ ለማዕበል መከታ ይሆናል። ጊዜም ይገዛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘሩን ማትረፍ ይቻላል። የስሚዝሶኒያኗ ሜሪ ሄገዶርን የኮራልን የወንዴ ዘር አቀዝቅዞ ማቆየትን ለዓመታት ሠርተውበታል፤ የአውስትራሊያው ታሮንጋ የእንስሳት ማቆያ የታላቁ ባሪየር ሪፍን ዘር በዚህ መንገድ ያስቀምጣል። በ2018 ከፍሎሪዳና ከፖርቶ ሪኮ የመጣ የቀዘቀዘ ዘር በኩራሳው ከተገኙ የኤልክሆርን እንቁላሎች ጋር ተዳቀለ፤ በተፈጥሮ በርቀታቸው ምክንያት ፈጽሞ ሊገናኙ ከማይችሉ ወላጆች የተወለዱት ልጆችም ፍሎሪዳ ባሉ ገንዳዎች አደጉ። የፍሎሪዳ ባሕር ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ወላጆች ዘመዶች ከሞላ ጎደል አጥቷል፤ ዘሩ ግን በገንዳና በማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።